የተሰረዘውን አንቀጽ ፍለጋ

ሕግ ያረጃል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሰው ያረጃል፣ ላም ታረጃለች፣ የጣራ ቆርቆሮም ያረጃል። ሕግ ግን አንዴ ከተቀመጠ እንደ ተራራ እዚያው የሚኖር ነገር ይመስለኝ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ትምህርት ያቆመች ሴት እንዲህ ብታስብ የሚፈርድባት ያለ አይመስለኝም። አሁን ግን ጭሮ ውስጥ በአሮጌ ሕግ ከእኔ የበለጠ የተንገላታ ሰው ካለ ይምጣ፤ ቁጭ ብለን ማን እንደሚብስ እንተያያለን።

እኔ ደግሞ ከተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ቢሮ እፈራለሁ። የቢሮ ዘበኛ ቦርሳዬን ሲያይ ምንም ሳልይዝ አንድ ነገር የሰረቅሁ ይመስለኛል። ስልኬ በማላውቀው ቁጥር ሲጠራ አላነሳም፤ እስኪዘጋ ድረስ ስልኩን ተቀምጬ አየዋለሁ። የደዋዩ ችግር ከሆነ ለራሱ ይያዘው፤ የእኔ ችግር ከሆነ ደግሞ ማወቅ አልፈልግም። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ ሕግ ፍለጋ የወጣችው።

ነገሩ የተጀመረው ልጄ ሩት ስታረግዝ ነው። ሩት አዋላጅ ነርስ ናት። መቻራ ተመድባ የሰው ልጅ ስታዋልድ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ባሏ ደግሞ ቦኬ ያስተምራል። መንግሥት አንዱን ወዲያ፣ አንዷን ወዲህ መድቧቸው የሚገናኙት በበዓል ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት አረገዘች ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ በዓል በዓል ነው።

ደስ አለኝ፤ የደስታዬን ያህል ደግሞ ፈራሁ። ሌላውን ሁሉ የምታዋልድ ልጅ እሷን ማን ሊያዋልዳት ነው? የወሊድ ፈቃድ አላት፤ ግን ፈቃዱ የሚጀምረው በመጨረሻው ወር ነው። በመጨረሻው ወር ሆዷ የገፋ ሴት ከመቻራ ገለምሶ፣ ከገለምሶ ጭሮ በዚያ መንገድ ስትመጣ አስቡት። ወተት እንኳ ቅቤ ለመሆን ያን ያህል አይናጥም። መንገዱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ የመጡ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼ ነው የፈራሁት። ያላዩትን መንገድ መፍራት ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ በየማታው ገደሉ ይጨምራል።

ስለዚህ የሚያዋጣው አንድ ነገር ነው፤ ሆዷ ሳይገፋ በዝውውር ጭሮ መግባት አለባት። እዚህ ሆስፒታል አለ፣ እዚህ እኔ አለሁ። ሩት ስትቀጠር የነበረው ደንብ ሁለት ዓመት ያገለገለ ባለሙያ መዛወር ይችላል፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ ትቀድማለች ይላል ብለው ነግረዋት ነበር። በኋላ ማሻሻያ ወጣና ሁለቱን ዓመት አራት አደረገው፤ ነፍሰ ጡሯንም ከነሆዷ ተዋት። እሷ ሥራዋን ጥላ መውጣት ስለማትችል ማመልከቻዋን ይዤ ዝውውሩ የሚፈረምበት ቢሮ የገባሁት እኔ ነኝ።

የሰው ኃይል ኃላፊው ኦቦ ለሚ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ይከለክልና ይገላግላል። ይሄ ግን ትሁት ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አዴ፣ ልጅዎ አራት ዓመት አልሞላትም» አለኝ፤ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው።

«እሷ የተቀጠረችው በፊተኛው ደንብ ነው» አልኩ፣ ሩት በስልክ እንዳስጠናችኝ።

«ልክ ነዎት።»

እንዲህ ይለኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ሩት ያስጠናችኝ እሱ ሲከራከረኝ የምመልሰውን ነበር።

«ማሻሻያው ራሱ ይላል» ቀጠለ ኦቦ ለሚ፤ «ከዚህ በፊት የተቀጠሩ በነበረው ደንብ ይስተናገዳሉ ይላል።»

«እንግዲያው ይፈርሙልኛ።»

«የነበረው ደንብ የታለ?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?»

«እኛ ጋ የነበረው ቢሮ ስንቀይር መጋዘን ገባ፤ መጋዘኑን ምስጥ በላው። በሁለት ሺህ አምስት የወጣው ነው፣ ልጅዎ በተቀጠረችበት ዓመት። ምን እንደሚል ሳላይ ብፈርም ነገ ተጠያቂ እሆናለሁ። ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። አስወጥተው ያምጡልኝ፣ ዛሬውኑ እናየዋለን።»

ኢንተርኔት ላይ ይገኛል አለኝ። ሰው «ጓዳ መደርደሪያው ላይ አለ፣ አምጪው» እንደሚለው ነው ያለው። እኔም እንደ ጓዳ መስሎኝ አመስግኜ ወጣሁ።

መናኸሪያው አጠገብ ጀማል የሚባል ሰው አለ። ድሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ በታይፕ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ያኔ የጻፈው ማመልከቻ ዳኛ ያስለቅሳል ይባል ነበር፤ ባለጉዳዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል። አሁን ታይፑን ሸጦ ኮምፒውተር ገዝቷል። በሩ ላይ «ኢንተርኔት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ዲቪ እንሞላለን» የሚል ለጥፏል። ደግ ሰው ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ አላውቅም ማለት አያውቅም።

«ሕግ?» አለኝ ወንበሩን እያሽከረከረ። «ሕግማ የኖርኩበት ቤት ነው። አዴ፣ ተቀመጪ፣ ወላሂ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«አሮጌውን ነው የምፈልገው።»

«አዲስ የሚያወጣ አሮጌ ያቅተዋል?»

«የጤና ባለሙያዎች ዝውውር» ብሎ ጻፈ። ትንሽ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። ይቺን ክብ ያላያት ሰው ትዕግሥት ምን እንደሆነ አያውቅም። ስትሽከረከር ቆይታ አንድ ቁምጣ የለበሰ ወጣት ኳስ ታቅፎ እየሳቀ ወጣ።

«ይሄ ጤና ባለሙያ ነው?» አልኩት።

«ተጫዋች ነው። እሱም ተዛውሯል።»

«ስንት ዓመት አገልግሎ ነው?»

ጀማል ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ሁለት።»

ይኸው እንግዲህ። እሱን ማን አሮጌ ደንብ አምጣ አለው? ኳስ ለመምታት ሁለት ዓመት ከበቃ፣ የሰው ነፍስ ለመቀበል አራት ዓመት የሚያሰኘው ምንድን ነው? ይህን ለጀማል ስነግረው ራሱን ነቀነቀና ስለ ተጫዋቹ ጉልበት ማውራት ጀመረ። ወደ ሕጉ እንዲመለስ ሁለት ጊዜ ማሳል ነበረብኝ።

«ደንብ» የሚለውን ጨመረበት። አሁን ደንብ መጣ፤ የመጣው ግን አዲሱ ነው። በሌላ ቃል ፈለገ፤ አሁንም አዲሱ። «የቀድሞው» ብሎ ጻፈ፤ «የቀድሞው» የሚል ቃል ያለበት አዲሱ መጣ። አሮጌውን ስንጠራ አቤት የሚለው አዲሱ ነው። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ቤት ሄዳችሁ የመጀመሪያዋን ብትጣሩ ሁለተኛዋ ልትወጣ ትችላለች፤ ቢያንስ ግን የመጀመሪያዋ የት እንደሄደች ትነግራችኋለች፣ ፊቷን አጥቁራም ቢሆን። ይሄ አዲስ ደንብ ግን ከእሱ በፊት ማንም ያልነበረ አስመስሎ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል።

«ቆይ፣ ውስጡ ይኖራል» አለ ጀማልና ከፍቶ ያነብልኝ ጀመር። «የነባሩ ደንብ አንቀጽ ሰባት ንዑስ አንቀጽ ሦስት ተሰርዞ በሚከተለው አዲስ ንዑስ አንቀጽ ሦስት ተተክቷል።»

«የተሰረዘው ምን ይላል?»

«ተሰርዟላ።»

«ገባኝ። ሲሰረዝ የት ይሄዳል?»

ጀማል አገጩን ያዘ። «የትም አይሄድም። ይሰረዛል።»

«ታዲያ ኦቦ ለሚ አምጪ ያለኝ ምኑን ነው?»

«የተሰረዘውን» አለኝ፤ ያለውንም ያኔ ራሱ ሰማው።

ልጆቼ ትንንሽ ሆነው ደብተራቸው ላይ ሲሰርዙ እንኳ ከጭረቱ ሥር የሳቱት ነገር ይታይ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ሲሰርዙ ግን ጭረቱን ብቻ ነው የሚያሳዩን። «ይሄን ያህል ነበር፣ ይሄን ያህል አደረግነው» ብሎ አንድ መስመር መጨመር ምን ነበረበት? ወረቀት ያልቅባቸዋል? ይህን እያልኩ ስናደድ መብራት ሄደ። የጀማል ኮምፒውተር እየተንጫጫ ጠፋ፤ ጀማልም የጨለመውን መስታወት እያየ «ልናገኘው ነበር» አለ።

በማግስቱ መብራቱ መጣ፣ ኔትወርኩ ቀረ። ከዚያ ኔትወርኩ ሲመጣ ጀማል ለሐዘን ሂርና ሄዶ ቆየ። ከዚያ ጀማል ሲመለስ እንደገና መብራቱ። ሦስቱን ባንድ ቀን ማግኘት እንዴት እንደሚከብድ የማያውቅ ሰው ነው «ኢንተርኔት ላይ ይገኛል» የሚለው። ሩት ስድስተኛ ወሯን ጨርሳ ሰባተኛውን ጀመረች። በጸሎት ቡድናችን የጸሎት ርእስ ብዬ ባቀርበው እህቶች አንድ ልብ ሆነው ያዙት። አንዷ ግን ነገሩ በደንብ ስላልገባት «ጌታ ሆይ፣ የተሰረዘችውን ልጅ መልሳት» እያለች ጸለየች፤ ከጸሎት በኋላ ሰው ሁሉ በሐዘኔታ እጄን ጨበጠኝ።

አንድ ቀን ጀማል ራሱ ቤቴ ድረስ ሰው ላከ። ሮጬ ብሄድ ፊቱ በርቷል። ሕጎች በየዓመታቸው የተደረደሩበት አንድ ቤት፣ እሱ ገጽ ይለዋል፣ አግኝቷል። ዓመቶቹ ከላይ ወደ ታች ተሰልፈዋል። ሁለት ሺህ አምስትን ነካው፤ ክቧ ተሽከረከረች፤ «የመንግሥት ሠራተኞች ዝውውር» የሚል ደንብ ወጣ። ርእሱን በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት። ዓይኔ እንባ ሞላ። ጀማል አትሞ ሰጠኝ። አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስገባሁትና በቀጥታ ኦቦ ለሚ ቢሮ ገባሁ። ያን ቀን ዘበኛውን አልፈራሁትም። እንዲያውም ሰላምታ ሰጠሁት።

ኦቦ ለሚ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ገለጠ። ተመልሶ አነበበ።

«አዴ፣ ይሄ አምስት ዓመት ነው የሚለው።»

«ምኑ?»

«ሳይዛወሩ የሚያገለግሉበት ጊዜ። አምስት ዓመት።»

«ሁለት ነው ብለውን ነበር እኮ።»

«ሁለት የሚለው የእሷ ነው። ይሄ ከእሷም በፊት የነበረ ነው። የእሷ ደንብ የሻረው አሮጌ።»

«ኦቦ ለሚ፣ ስንት አሮጌ ነው ያላችሁ?»

«ብዙ ነው» አለኝ፣ እንደሚያጽናና ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቢሆንም በጣም ጥሩ አድርገዋል። ይሄኛውም እኛ ጋ አልነበረም። ለመዝገቡ እናያይዘዋለን።»

ከማመልከቻዋ ጋር ሊያያይዘው ነው። እጄን ሰድጄ ወረቀቱን በአንድ በኩል ያዝኩ። እሱ በሌላ በኩል እንደያዘ ነው። ሁለታችንም ፈገግ እንዳልን፣ ሁለታችንም ሳንለቅ ቆየን። ትሁት ሰው ስለሆነ አልነጠቀኝም፤ ፈሪ ስለሆንኩ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ለልጄ ዓመት ልቀንስ ገብቼ በገዛ እጄ አንድ ዓመት ጨምሬባት ወጣሁ።

ሩት ስልክ የሚይዝላት ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ስትወጣ ብቻ ነው። ቁና ቁና እየተነፈሰች ደወለች።

«እማ፣ እንዴት ሆነ?»

«ደንብ አምጥቼላቸው ነበር።»

«እና?»

«አምስት ይላል።»

ከእሷ በኩል ነፋሱ ብቻ ይሰማኛል።

«እማ፣ እስከ ትናንት አራት ነበር እኮ።»

«አዎ።»

«አምስት አደረግሽው?»

«ለጊዜው ነው» አልኳት። ሳቀች ወይም አለቀሰች፤ በነፋሱ አልለየሁትም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያን ጉብታ ስትወርድ እያየኋት አልተኛሁም።

ጠዋት ጀማል ላይ ወረድኩበት። ፈሪ ሰው ሲቆጣ አያምርበትም።

«ሁለት ሺህ አምስት አልሽኝ፣ ሁለት ሺህ አምስት ሰጠሁሽ» አለኝ። «ይኸው ቁጥሩ፣ እይው። እኔ ሕግ አልጽፍም፣ የማወጣ ነኝ። ጥፋቱ የቢሮው ነው።»

«ቢሮው ዓመቱን አልሳተም፤ ልጄ የተቀጠረችበትን እኔም አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው።»

ይህን እየተጨቃጨቅን ሳለ አንድ የገለምሶ ጫት ነጋዴ ዲቪ ሊያስሞላ ገባ። ጥቅምት ስለነበረ አገሩ ሁሉ ዲቪ ይሞላል። ጀማል ከእኔ የሚያመልጥበት ስላገኘ ደስ ብሎት አስቀመጠው። ስም ጠየቀው። የእናት ስም ጠየቀው። የትውልድ ዘመን ሲደርስ ነጋዴው ነገረው፤ ጀማል ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረና ሌላ ዓመት ጻፈ።

እኔ ለካ በንዴት ላይ ሆኜም አያለሁ። «እሱ ያለህ ሌላ፣ የጻፍከው ሌላ» አልኩት።

«የፈረንጅ ነው አዴ። ሰባት ስምንት ይጨመርበታል። አሜሪካ በእኛ አትቆጥርም።»

«ያ ሕጎቹ የተደረደሩበትስ በማን ነው የሚቆጥረው?»

የጀማል ጣት ፊደሎቹ ላይ እንዳለ ቆመ። ነጋዴው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ጀማል ቀስ ብሎ ዞረና «እኔም እሱን ልልሽ ነበር» አለኝ።

«መቼ?»

«አሁን።»

ነጋዴው ነገሩን ሲሰማ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ጀማል፣ የኔን ደግመህ ቁጠረው» አለው። «አሜሪካ ስደርስ አባቴን በልጬ እንዳልገኝ።»

ለካስ እኛ የፈለግነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት ነው፤ ያኔ ሩት ገና ጠመኔ የምትበላ ተማሪ ነበረች። ያ አምስት ዓመት የሚለው አሮጌ የወጣው በዚያ ዘመን ነው። እስቲ አሁን ይሄ ሕግ ነው? በራሳችን አገር፣ በራሳችን ሰዎች ወጥቶ፣ ምስጥ የበላው በራሳችን መጋዘን፤ ስትፈልጉት ግን በፈረንጅ ዘመን ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። አጠገቡ አንዲት ቅንፍ አድርገው «በእኛ ይሄን ያህል» ቢሉ ምን ነበር? ይህን ስናገር ነጋዴው ራሱን እየነቀነቀ «ማል ጎና» ይለኛል፤ ምን እናድርግ ማለቱ ነው። እኔ እንኳን የማደርገው አላጣሁም፤ የማደርገው ስለበዛ ነው የተናደድኩት።

ጀማል ሰባት ጨምሮ ፈለገ፤ የለም። ስምንት ጨመረ፤ አለ። የሩት ደንብ ይኸው ተገኘ። ግን ደስታ ከእኔ ጋር ብዙ አይቀመጥም። ገጹ ሦስት ቋንቋ በሦስት ዓምድ ነው፤ በአንድ በኩል ኦሮምኛ፣ መሐል አማርኛ፣ ዳር እንግሊዝኛ። ፎቶ ያነሳው ሰው መጽሐፉን በደንብ አልዘረጋውም መሰለኝ፣ መሐሉ እጥፋት ውስጥ ገብቷል። አማርኛው ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። «ሁለት ዓመት ያገለ»፣ «ነፍሰ ጡር ከሆ»፣ «ቅድሚያ ይሰ»። ይሰጣታል ይሁን ይሰረዝባታል ማን ያውቃል? እስካሁን ባየሁት ሁለተኛው ነው የሚቀርበው።

ኦሮምኛው ግን ሙሉ ነው። በቁቤ ስለተጻፈ እኔ ማንበብ አልችልም፤ ሲነበብልኝ ግን እሰማለሁ። ጀማል አነበበልኝ። «ወጋ ለማ» ሲል ሁለት ዓመት ነው፣ ገባኝ። ነፍሰ ጡር ትቀድማለች የሚለው ላይ ሲደርስ ድገመው አልኩት። ደገመልኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ለነፍሴ ብዬ አስነበብኩት።

አሳትሜ ስወስድለት ኦቦ ለሚ አየው። «ይሄ ነው» አለኝ። «ትክክለኛው ይሄ ነው።»

እስክሪብቶውን አነሳ። እኔ እግዚአብሔርን ላመሰግን አፌን ከፈትኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ማህተም የለውም።»

«ምኑ?»

«ወረቀቱ። ከኢንተርኔት የወጣ ነው። ማን እንዳወጣው በምን አውቃለሁ?»

«ኢንተርኔት ላይ ይገኛል ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ።»

«መገኘቱን አልካድኩም። የተገኘው ማህተም ያስፈልገዋል።»

«ያኛውን፣ አምስት ዓመት የሚለውን፣ ያለ ማህተም ተቀበሉኝ አይደለም?»

«እሱ ለመዝገብ ነው። ይሄ ለውሳኔ ነው።»

እዚህ ላይ እውነት ለመናገር አለቀስኩ። የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ። ኦቦ ለሚ ተጨነቀ፤ ውሃ አስመጣልኝ፤ ውሃውን የያዘችው ልጅ ፊት «እናታችን፣ እኔ እኮ መፈረም እፈልጋለሁ፤ ማህተም ብቻ ነው» ይለኛል። ስልሳ ጊዜ ቢያስጠጣኝ ማህተም አይሆንም።

ጀማል ይህን ሲሰማ አልተገረመም። መሳቢያውን ስቦ ፊደሉ ግማሹ ያለቀ ክብ ማህተም አወጣ፤ የራሱ የጽሕፈት ሥራ ማህተም ነው። ከታይፕ ዘመን ጀምሮ ያለው። ከወረቀቱ ሥር በሚያምር ጽሕፈት «ከኢንተርኔት ላይ እንዳለ የተገለበጠ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ አተመ።

«ይሄ ያንተ ነው እኮ» አልኩት በፍርሃት። «ያስሩኛል።»

«ውሸት የት አለው? ከኢንተርኔት ገለበጥኩ፣ ገለበጥኩ አልኩ። ማህተሙም የኔ ነው፣ የኔ ነው ይላል። አዴ፣ ክብ ነው፤ ክብ መሆኑ ይበቃል።»

ወረቀቱን ይዤ ቢሮ ተመለስኩ። ኦቦ ለሚ ማህተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና አየው። የማን እንደሆነ ያንብብ አያንብብ አላውቅም። ወደ እኔ ተመልሶ «አሁን ሙሉ ሆነ» አለና ለኮሚቴው መራው። ለካ ኮሚቴ አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ስልጠና ላይ ነበር፤ ከስልጠናው ሲመለስ ጸሐፊው ሄደ። ስለ ኮሚቴው ብዙ አልጽፍም፤ ልቤ አይችልም። ብቻ የዝውውር ደብዳቤዋ ሲፈረም ሩት ዘጠነኛ ወሯን ይዛ ነበር።

«ዋናውን ለጤና ጣቢያው በእጅ ያስረክቡ» አለኝ ኦቦ ለሚ። «በሰው አይላክም።»

በእጅ ማለት በእኔ እጅ ማለት ነው። በዚያ መንገድ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወድቄ እሞት ነበር፤ ግን ልጄ በዚያ ጫፍ እየጠበቀችኝ ነው፤ በልቤም ሳደርስላት ይዣት እመለሳለሁ ብያለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ገለምሶ ስንደርስ አንድ ሴትዮ «እህት፣ አሞሻል?» አለችኝ። «አይ፣ እየጸለይኩ ነው» አልኳት። «ገና አስፋልቱ እኮ ነው ያለቀው» አለችኝ። ከገለምሶ ወዲያ መኪናው ሲነሳ ሲወድቅ፣ አቧራው ጥርሴ ሥር እየተንቀጫቀጨ፣ ቡና ከጫነ መኪና ጋር አንዱ ካልቀደምኩ እያለ ሲተላለፍ፣ ጨፍኜ እንኳ መንገዱ ታየኝ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ከፈራሁት ገደል ግማሹ እንኳ የለም። የፈራሁት ሁሉ ቢኖር ኖሮ መቻራ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር፤ ተንዳ አልቃ ነበር።

ሩት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ። ተቃቀፍን፤ ለመተቃቀፍ በጎን መሆን ነበረብን። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በረከት ይባላል፣ ከደቡብ ተመድቦ የመጣ ልጅ እግር ነው። ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ተዛውራለች።»

«እንግዲያው በነገው መኪና ይዣት ልሂድ።»

ሩትን አየ፣ ሆዷን አየ፣ መንገዱን በመስኮት አየ።

«እናቴ፣ እንደ ኃላፊ ፈቅጃለሁ» አለኝ። «እንደ ጤና ባለሙያ ግን በዚህ ወር በዚህ መንገድ አልሰዳትም። እርስዎ መጥተውበታል፣ ያውቁታል።»

ወንበር ሳልጠይቅ ተቀመጥኩ። ይሄ ሁሉ ደንብ፣ ይሄ ሁሉ ክብ፣ የፈረንጅ ዘመን፣ የጀማል ማህተም፣ ኮሚቴው፣ ውሃው። የተሰረዘውን አስነስቼ፣ የምስጡን ሥራ አፍርሼ፣ ደብዳቤውን በእጄ ይዤ ደረስኩ፤ ደብዳቤው ደግሞ መሄድ በማይቻልበት ወር ደረሰ። የሚወቀስ ሰው ፈለግሁ፤ በረከት እንዳይሆን ትክክል ነው፣ ኦቦ ለሚ እንዳይሆን ሩቅ ነው።

ሩት አጠገቤ በዝግታ ተቀመጠች።

«እማ፣ እኔ ሳልወልድ መዛወር አልችልም» አለችኝ። «አንቺ እዚህ እንድትዛወሪ የማን ፊርማ ነው የሚያስፈልገው?»

አሰብኩ። የለም። አሮጌም፣ አዲስም፣ የአሮጌው አሮጌም አይከለክለኝም።

ቀረሁ። የያዝኩት አንድ ቅያሪ ቀሚስና መጽሐፍ ቅዱሴን ብቻ ነበር፤ ለሕጉ ስጨነቅ የገንፎ ዱቄት እንኳ አልያዝኩም። የመቻራ ሴቶች አመጡልኝ፤ ሩት ያዋለደቻቸው ናቸው፤ ቤቱን በዱቄትና በቅቤ ሞሉት። ሕፃኗ የመጣችው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። በረከትና አንዲት ነርስ ተቀበሏት፤ እኔ የሩትን እጅ ይዤ ነበር፤ እሷ ደግሞ በዚያ ምጥ መሐል ለነርሷ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አድርጊ እያለች ታዛለች። ሁሉም ደህና ሆነ። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ሦስታችንም በሚኒባስ ወደ ጭሮ ወረድን፤ ያን ጊዜ ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ የሕፃኗን ጭንቅላት መያዝ ነበረብኝ።

አንዳንዴ ሕፃኗን ታቅፌ ሳስበው እንደገና እናደዳለሁ። ያን ሁሉ ወር ልጄን ወደ እኔ የሚያመጣ ሕግ ስፈልግ ከረምኩ። እኔን ወደ ልጄ የሚወስደው ሚኒባስ ግን በየጠዋቱ ከጀማል ሱቅ ፊት ለፊት ይነሳ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ገለምሶ፣ ገለምሶ» እያለ ሰው ይለምናል፤ ማህተም አለሽ ወይ ያለኝ የለም።